ሞተሪኖውን አትንካው

አሮጌ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ጋራዥ ደውሎ የሚጠይቀው ሁሌም ያንኑ ነው፦ «ባትሪ አስሬበት ልሞክረው?» ሞተሩ ዐሥር ምናምን ዓመት ከአንድ ቤት ጋራዥ ጥግ ሸራ ለብሶ ቆሟል። የቀድሞ ባለቤቱ ወይ ጉልበቱ ደክሟል፣ ወይ ቤቱን ሊሸጥ ነው፤ ስለዚህ በርካሽ ለቆታል። ገዢው በተጎታች ጭኖ አምጥቶታል፤ አሁን የጓጓው ድምፁን ለመስማት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በጥገና ሥራ የሚተዳደረው የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ የሚሰጠው መልስ ጠያቂውን ደስ አሰኝቶ አያውቅም፦ አይሞከርም፤ ሞተሪኖውን አትንካው።

ምክንያቱን ለማሳየት የሆንዳው ጎልድ ዊንግ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ በየሰፈሩ ጋራዥ ተኝተው ከሚገኙት የረጅም ጉዞ ሞተሮች አንዱ እሱ ነው። የመጀመሪያው፣ ጂኤል 1000 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 መኸር ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ በተካሄደው የሞተር ሳይክል ትርዒት ላይ ታይቶ በ1975 ሞዴልነት ለገበያ ቀረበ። ሞተሩ 999 ሲሲ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ አራት ፒስቶኖች አሉት፤ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት ሳይሆን ዘንግ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1972፣ በሾይቺሮ ኢሪማጂሪ የሚመራ ቡድን ኤም 1 የተባለ ባለ ስድስት ፒስቶን፣ 1470 ሲሲ የሙከራ ሞተር ሠርቶ ነበር። ገበያ የወጣው ግን ባለ አራቱ ሆነ። ባለ ስድስቱ ጎልድ ዊንግ የመጣው ቆይቶ፣ በ1988ቱ ጂኤል 1500 ነው።

የሚገርመው፣ ዛሬ በረጅም ጉዞ ሞተርነቱ የሚታወቀው ይህ ዕቃ መጀመሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ራቁቱን ነበር። የነፋስ መከላከያ የለው፣ የዕቃ ሳጥን የለው። ያለበሱት አሜሪካውያን ነጂዎች ናቸው፤ ክሬግ ቬተር ዊንድጃመር በሚል ስም ያመርት የነበረውን የነፋስ መከላከያ እየገዙ ገጠሙበት። ሆንዳ ራሱ መከላከያና ሳጥን ገጥሞ መሸጥ የጀመረው በ1980 ከጂኤል 1100 ጋር ነው። ታሪኩ ለመካኒክ ጣጣ ትቶለታል። አንድ ጂኤል 1000 ሲገዛ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ የማይታወቅ የሬዲዮ መስመር፣ የተጨማሪ መብራት ሽቦ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ አብሮት ይመጣል። ይህ ሁሉ ሳይነቀል ባትሪ ማሰር በራሱ ድፍረት ነው።

ዋናው ፍርሃት ግን ሌላ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ካምሻፍቶች ዙራቸውን የሚያገኙት ከሞተሩ ፊት ለፊት ካሉ ሁለት ባለ ጥርስ የጎማ ቺንጋዎች ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ፣ ወደ ላይ የሚመጣው ፒስቶን ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭ ያገኘዋል። ቫልቩ ይታጠፋል፤ ከዚያ ቴስታታ ማውረድ ይመጣል፤ በርካሽ የተገዛው ሞተር እዚያው ላይ ውድ ይሆናል። ቺንጋ ደግሞ የሚያረጀው በተነዳበት ኪሎ ሜትር ልክ ብቻ አይደለም። ቆሞም ያረጃል። ለዓመታት በአንድ ቦታ ታጥፎ የቆየውን ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ጀርባውን በጣት ለመጥ ሲያደርጉት ነው ቀጫጭን ስንጥቆቹ የሚከፈቱት።

ቺንጋ መቀየር ለቤት ጋራዥ የሚከብድ ሥራ አይደለም። መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ይወጡና በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረጋል፤ ሲሊንደሩ ደርቆ ከሆነ አንድ ሌሊት ይደር። ከዚያ የፊት ሽፋኖቹ ይወልቃሉ። ሞተሩ በእጅ፣ በቁልፍ፣ ቀስ ብሎ እየተዞረ ቲ1 የሚለው ምልክት በመመልከቻው ቀዳዳ መሃል እንዲገባ ይደረጋል፤ የሁለቱ ካሞች ፑሊ ምልክትም ከትይዩው ጋር መግጠም አለበት። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚደነግጥበት ነገር አለ። አሮጌው ቺንጋ ሲላቀቅ፣ የቫልቭ ስፕሪንጉ ከሥር ስለሚገፋው አንዱ ፑሊ ቦታውን ለቆ ሊዘል ይችላል። አልተሰበረም፤ በቁልፍ ይዞ ወደ ምልክቱ መመለስ ነው። አዲሶቹ ከገቡና ከተወጠሩ በኋላ ሞተሩ እንደገና በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ምልክቶቹ በአንድ ጥርስ እንኳ ካልገጠሙ ሁሉም እንደገና ይፈታል። «ትንሽ ናት፣ ትሂድ» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

የዚያ ዘመን የጃፓን ብረት ጥንካሬ የሚደንቅ ነው። ጸሐፊው ክፍት ሜዳ ላይ ዝናብና በረዶ ሲፈራረቅባቸው የከረሙ ሞተሮች ሲከፈቱ ማርሻቸውና ክራንካቸው ያለ አንዳች እንከን ሲገኝ አይቷል። ዓመታት የሚጨርሱት ጎማውንና ፈሳሹን ነው፦ ቺንጋ፣ ቱቦ፣ ጎሚኒ፣ የፍሬን ዘይት፣ ቤንዚን፣ የራዲያተር ውሃ። አብዛኛው ባለ ጋራዥ ግን ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያወጣው ክሮም ለማስወልወልና ሰልባትዮ የሚመስለውን ሳጥን ቀለም ለማስቀባት ነው። ቀለም የቀባ ሰው ጓደኞቹን ጠርቶ ያሳያል፤ የፍሬን ጎሚኒ የቀየረ ሰው ለማን ያሳያል?

ፍሬኑ ጋ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ጂኤል 1000 ሦስት ዲስክ አለው፤ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ክብደቱ ቤንዚንና ዘይት ሳይጨመር 265 ኪሎ ግድም ነው፤ ነጂ፣ ተሳፋሪና ሻንጣ ሲታከልበት የፊት ፍሬኑ የሚሸከመውን መገመት ነው። የፍሬን ዘይት በባሕርዩ ከአየር ላይ ውሃ ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው። ሳይቀየር ዐሥር ዓመት ሲቆይ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይዘቅጣል።

ከእጀታው አጠገብ ያለው የፍሬን ማስተር ሲከፈትና ማጠራቀሚያው ሲጠረግ ወለሉ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛዋ በግልጽ ትታያለች። ሁለተኛዋን መኖሯን ያላወቀ ሰው አያያትም፤ ከመርፌ ትቀጥናለች። ሥራዋ እጀታው ሲለቀቅ የተገፋው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው እንዲመለስ ማድረግ ነው። በዝቃጭ ከተደፈነች ዘይቱ መመለሻ ያጣና ፓዱ ዲስኩን እንደያዘ ይቀራል። ዲስኩ ይግላል፤ ሙቀቱ ዘይቱን ያስፋፋዋል፤ የተስፋፋው ዘይት ፓዱን ይበልጥ ይገፋዋል። አውራ ጎዳና ላይ የፊት ጎማ በዚህ መንገድ ሲቆለፍ የሚሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም። ጸሐፊው ይህችን ቀዳዳ የሚያጸዳው በቀጭኗ የጊታር ክር ነው። መሰርሰሪያ አይገባባትም፤ ከሰፋች ሥራዋን ትተዋለች። ክሯ አልፋ በወዲያ በኩል ብቅ ስትል ማስተሩ ታጥቦ አዲስ ጎሚኒ ይገጠምለታል።

ቱቦው ደግሞ ከላይ ደህና ሆኖ ከውስጥ አብጦ ሊጠብ ይችላል። በእጅ ኃይል ሲገፋ ዘይቱን ያሳልፈዋል፣ ለመመለስ ሲሆን ግን ይይዘዋል። ስለዚህ የአርባና የሃምሳ ዓመት ቱቦ ምርመራ አያስፈልገውም፣ ይጣላል። ይህ ሁሉ ተሠርቶም አንድ የማይስተካከል ነገር አለ፦ የዚያ ዘመን የማይዝግ ብረት ዲስክ ሲረጥብ ዘግይቶ ይይዛል። ዝናብ ላይ ርቀት ጠብቆ መንዳት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

«ጎማው አዲስ ነው፣ ጥርሱን እየው» የማይል ሻጭ የለም። ጥርሱን ትቶ ጽሑፉን ማንበብ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ ጎማ ላይ ዶት ከሚለው ምልክት በኋላ መጨረሻ ላይ የሚገኙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2309 ማለት የ2009 23ኛው ሳምንት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ለአበባ መትከያ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ጂኤል 1000ዎች ቸርኬያቸው በሽቦ የተወጠረ ስለሆነ የውስጥ ጎማ አላቸው፤ እሱም አብሮ ይቀየራል።

የኋላ ጎማው ከወለቀ አይቀር ሁለት ሥራ ይሠራ። ኃይል ከዘንጉ ወደ ጎማው የሚያልፍባቸው ጥርሶች ደርቀው ከሆነ ይበላሉ፤ ታጥበው ሞሊብደነም ያለበት ግሪስ ይቀቡ። ቀጥሎ ሰልባትዮው ነው። በዚህ ሞተር ላይ ሰልባትዮው ከመቀመጫው ሥር ነው ያለው፤ ክብደቱ ወደ መሬት እንዲቀርብ ታስቦ። ከላይ በተለመደው ቦታ ያለው ሳጥን የሚይዘው የኤሌክትሪክ ዕቃና የራዲያተሩን ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ ውሃው ወደ ሥር ወርዶ ያዝጋል። ስለዚህ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ማየት፣ የተገኘውን ማፍሰስ፣ ፊልትሮውን መቀየር ይቀድማል።

አራቱ ካርቡራተሮች አንድ ላይ ተያይዘው ነው የሚወጡት። የቆየ ቤንዚን ሲተን የሚተወው ሙጫ መጀመሪያ የሚደፍነው የሚኒሞውን ጂግለር ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ይነሳና መስጠቱ ሲቆም የሚጠፋው በዚህ የተነሳ ነው። ከላይ የሚረጭ ማጽጃ ተአምር አይሠራም፤ ተፈትቶ ይታጠብ፣ ጎሚኒው ሁሉ ይቀየር፣ ከተገጠመ በኋላ አራቱ እኩል እንዲስቡ በቫኪዩም መለኪያ ይስተካከል። የራዲያተሩ ነገር አጭር ነው፦ ቱቦዎቹ፣ ቴርሞስታቱና ውሃው ይቀየሩ፤ የውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ቀዳዳ ጠብታ ከታየ የፓምፑ መከላከያ ጎሚኒ አልቋል ማለት ነው።

ሰው ከመግዛቱ በፊት ቢያውቀው የሚጠቅመው አንድ ነገር የዲናሞው ጉዳይ ነው። የጂኤል 1000 ዲናሞ ከሞተሩ ጀርባ፣ ከውስጥ ነው ያለው። ጥቅልሉ ከተቃጠለ ሞተሩ በሙሉ ከሻንሲው ካልወረደ አይገኝም። ጥሩነቱ ሳይፈታ መለካት ይቻላል። ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ከሞተሩ ወጥተው ወደ አንድ ፕላስቲክ ማገናኛ ይገባሉ፤ ማገናኛው ይነቀልና እያንዳንዱ ሽቦ ከብረቱ ጋር ግንኙነት እንደሌለው በቴስተር ይታያል። ግንኙነት ካለ ጥቅልሉ ተበላሽቷል። ማገናኛው ራሱ በሙቀት ቀልጦ ጠቁሮ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ ቆርጦ ሽቦዎቹን በቆርቆሮ መበየድ ለዘለቄታው ይበጃል። ሥራው ሁሉ አልቆ ሞተሩ ሲነሳ፣ በመካከለኛ ዙር ባትሪው ላይ 14 ቮልት ግድም መታየት አለበት።

ያኔ ነው እንግዲህ ሞተሪኖው የሚነካው። የመጀመሪያው ጉዞ ሰፈር ዞሮ መመለስ ነው፤ ሲመለስ ዲስኮቹ በእጅ ይዳሰሳሉ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ፍሬኑ እየያዘ ነውና ወደ ማስተሩ ይመለሳል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተር ሳይክል በየዓመቱ ይመረመራል። መርማሪው ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጡሩንባውን አይቶ ቦሎ ይለጥፋል። ሽፋን ፈትቶ ቺንጋ አያይም፤ የፍሬን ማስተሩን ቀጭን ቀዳዳም አይፈልግም። ያ የባለቤቱ ሥራ ነው።

በበረዶ ወራት አሮጌ ጎልድ ዊንግ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ደረሰኝ ካልቀረበላችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። የቺንጋ፣ የሁለት ጎማ፣ የፍሬን ቱቦና ጎሚኒ፣ የባትሪ ዋጋ ደምራችሁ ከተጠየቃችሁት ላይ ቀንሱ። ሻጩ «ላስነሳላችሁ» ካለ ደግሞ በራሱ ኃላፊነት ያስነሳ፤ ገንዘቡ ገና ኪሳችሁ ውስጥ እያለ።