የባሕር መመሪያ በጣና ሐይቅ፦ የጀልባ ሞተር ክትትልና እንክብካቤ በደቡብ ጎንደር ዳርቻ

መግቢያ

ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ በርብና በጉማራ ወንዞች ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳል፤ ከዚያም ጣና ሐይቅ ይገባል። ይህ ደለል በእርሻና በሐይቁ ወለል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ የተባለለት ነው። በሊቦ ከምከም፣ በፎገራና በደራ ወረዳዎች ዳርቻ ጀልባ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ግን ደለሉን በሌላ መልኩም ያውቁታል፤ የሞተራቸውን የውኃ ፓምፕ የሚበላው እርሱ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም አማካይነት ባለ ሞተር ጀልባዎችና ዘመናዊ መረቦች ወደ ሐይቁ ከመግባታቸው በፊት ዓሣ የሚሰገረው በዋናነት ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ነበር። ታንኳ ሲያረጅ ባለቤቱ ከዚያው ከዳርቻው ደንገል አጭዶ አዲስ ይሠራል። ከጀልባ ኋላ የሚታሰረው ሞተር፣ በተለምዶ አውትቦርድ የሚባለው፣ ግን መለዋወጫውም ሆነ የአጠቃቀም መመሪያው ከሩቅ የሚመጣ ነው። መመሪያው ደግሞ በአመዛኙ የሚያስበው ስለ ጨዋማ ውኃና ስለ ባሕር ወለል ከፍታ ነው። ጣና ጨው የለውም፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ውኃውም በደለል የደፈረሰ ነው። ይህ ጽሑፍ የሞተር ባለቤት መመሪያውን ከሐይቁ ጠባይ ጋር አስማምቶ ሞተሩን እንዴት ሊከታተል እንደሚችል ያብራራል።

ከፍታና የሞተር ኃይል

ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም በአንድ ምት የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል። በተለመደው ስሌት መሠረት ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በጣና ከፍታ ጉድለቱ 18 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር የሚሰጠው ከ12 ጥቂት የሚበልጥ ነው ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ባለቤት አዲሱ ሞተር የደከመ ይመስለውና ያለ ምክንያት ያስፈታዋል፤ ወይም ጭነት ሳይቀንስ ዘወትር በሙሉ ኃይል ያሽከረክረዋል።

መፍትሔው ከሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ከፕሮፔለሩ ይጀምራል። ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ ሲሄድ መመሪያው የሚጠይቀውን የዙር ብዛት ካልደረሰ፣ የክንፉ ዘንበልታ ያነሰ ፕሮፔለር ይገጠምለታል። በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚጓዘው ርቀት በ1 ኢንች ሲቀንስ፣ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። የጠፋው ኃይል በዚህ አይመለስም፤ ሞተሩ ግን ከአቅሙ በላይ ከመጎተት ይድናል።

ሁለተኛው የከፍታ ውጤት በካንዴላው ላይ ይነበባል። ጤናማ ሞተር ካንዴላው ቀለል ያለ ቡናማ ነው። በጥላሸት የጠቆረና የረጠበ ከሆነ፣ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል ወይም ዘይቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በጣና የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ይህንን ስለሆነ፣ ብቃት ያለው መካኒክ የነዳጅ ማስገቢያ ቀዳዳውን ጠበብ ባለ ሊተካው ይችላል። ይሁን እንጂ እንዲህ የተስተካከለ ሞተር ተሽጦ ወደ ዝቅተኛ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ጋምቤላው ባሮ ወንዝ ቢወሰድ፣ ቀዳዳው ካልተመለሰ በቀር ነዳጅ አንሶት ፒስተኑ ሊቃጠል ይችላል። የነጣ ካንዴላ የዚህ አደጋ ምልክት ነው።

የማቀዝቀዣው ውኃ

አውትቦርድ የሚቀዘቅዘው ጀልባው በሚንሳፈፍበት ውኃ ነው። ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ ጎማ ውኃውን ከታች ስቦ በሲሊንደሩ ዙሪያ ያዞረዋል፤ ከውኃውም ጥቂቱ ከሞተሩ ኋላ እንደ ቀጭን ጅረት ይወጣል። ይህ ጅረት ባለቤቱ ያለ ምንም መሣሪያ ሊያነበው የሚችል ዋና ምልክት ነው። ጅረቱ ሳይቆራረጥ ከወረደ ማቀዝቀዣው ይሠራል። ከሳሳ ወይም ከቆመ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። በመጀመሪያ የውኃ መውጫው በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል፤ ቀጥሎ የመግቢያው ወንፊት ይታያል፤ ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ጥርጣሬው ወደ ኢምፔለሩ ይዞራል። በጣና ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከፍ ማለት ከጀመረ በኋላ ያለው ጊዜ ከባሕር ዳርቻው ያጠረ ነው።

አደጋው በየወቅቱ መልኩን ይለውጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል ኢምፔለሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርደዋል። ክረምቱ ሲወጣ እምቦጭ ይበረታል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መኖሩ የታወቀው ይህ አረም ሥሩ በመግቢያው ወንፊት ላይ ይለጠፋል፤ በፕሮፔለሩም ላይ ይጠመጠማል። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ሐይቁ ሲጎድል፣ ጥልቀት በሌለው የፎገራ ዳርቻ ሞተሩ ጭቃ ይምጋል። ስለዚህ ወደ ዳር ሲቀርቡ ሞተሩን ከፍ አድርጎ በመቅዘፊያ መግባት፣ እምቦጭ ሲገጥም ደግሞ ጥሶ ከመሄድ ይልቅ ዙሮ ማለፍ ይመረጣል።

መመሪያው ከጉዞ በኋላ ሞተሩን በንጹሕ ውኃ ማጠብን የሚያዘው በዋነኛነት ጨውን ለማስወገድ ነው። በጣና ጨው ባለመኖሩ ብዙዎች ይህን ይተዉታል፤ ሆኖም ደለሉ በውኃ መተላለፊያዎቹ ውስጥ ደርቆ ሲጠነክር ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሞተሩን በንጹሕ ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ አቁሞ፣ ከቤት ውጭ፣ በዝቅተኛ ዙር ለ10 ደቂቃ ያህል ማስነሣት ይበቃል። ያለ ውኃ ማስነሣት ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ኢምፔለሩን ያቃጥላል።

ነዳጅ፣ ዘይትና የማርሽ ክፍል

በጄሪካን የሚመላለስ ቤንዚን ውኃና ቆሻሻ ይቀላቀልበታል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል፤ ጄሪካኑን ካሳረፉ በኋላ የታችኛውን ጥቂት ሳይገለብጡ መቅዳትና በማጣሪያ ማሳለፍ ብዙ ብልሽት ያስቀራል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ፣ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር የጀልባ ሞተር ዘይት ይገባል። በግምት መቀላቀል ወይ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ወይ ፒስተኑን ያደርቃል።

ከታች ያለው የማርሽ ክፍል የራሱ ዘይት አለው፤ ብዙ አምራቾች በየ100 የሥራ ሰዓት ወይም በየ6 ወሩ እንዲቀየር ያዝዛሉ። የወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። በጣና የዚህ አንዱ ምክንያት የተቆረጠ የናይለን መረብ ክር ነው፤ ከፕሮፔለሩ በስተኋላ በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ዘይት የሚያግደውን ጎማ ይቆርጣል። ፕሮፔለሩን በየጊዜው አውልቆ ክሩን ማውጣትና ዘንጉን ግራሶ መቀባት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

የክትትል ደብተር

ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች ጥቅም የሚሰጡት ሲመዘገቡ ነው። የሥራ ሰዓቱ፣ የተቀዳው ቤንዚን፣ የጅረቱ ሁኔታ፣ የካንዴላው ቀለምና ዘይት የተቀየረበት ቀን በአንድ ተራ ደብተር ሊያዙ ይችላሉ። በተመሳሳይ መንገድ ላይ የሚፈጀው ቤንዚን ቀስ በቀስ ከጨመረ፣ ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ተናግሯል ማለት ነው። ጀልባው የማኅበር ሲሆን ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው በሚያሽከረክረው ሞተር ላይ የሳሳውን ጅረት ያየ ሰው ካልጻፈው፣ በማግሥቱ የሚነሣው ሰው ጉድለቱን የሚያውቀው ከዳር ርቆ፣ ምናልባትም ነፋስ በተነሣበት ሰዓት ነው።

ማጠቃለያ

መመሪያው ለጣና የሚጠቅመው እንደገና ተመዝኖ ሲነበብ ነው፤ ከጨው ይልቅ ደለልን፣ ከባሕር ወለል ይልቅ 1,786 ሜትርን፣ ከክረምትና ከበጋ መለያየት ይልቅ የደለልን፣ የእምቦጭንና የውኃ ጉድለትን ተራ ማሰብ ያስፈልጋል። ኢምፔለር ከሞተሩ ክፍሎች በዋጋ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ እርሱ ሲሞት ተከትሎት የሚሄደው ሲሊንደር ግን የአንድን ማኅበር ቁጠባ ሊጨርስ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ቀጭኗን ጅረት ዞር ብሎ ማየት ብቻ ነው።