የተሰበረ የጭስ ማውጫ ብሎን ከሞተር አወጣጥ
ለመስክ መኪና ሾፌሮች፣ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በላስታ የመኸር እርሻ ዘመን አጭር ነው። ዝናቡ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜም መስከረም ሳይገፋ ይቆማል። ስለዚህ ምርጥ ዘር በአንድ ሳምንት ቢዘገይ ሰብሉ ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ እርጥበት ያጣል። ወደ ብልባላና አካባቢው የሚሄደው ዘር፣ ማዳበሪያና የንብ ቀፎ የሚደርሰው በመኪና ነው። መኪናውም ከወልድያ ተነስቶ፣ የድልብን ዳገት ወጥቶ፣ ላሊበላን አልፎ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ መዝለቅ አለበት። በዚህ ጉዞ ላይ እንደ ጣት የቀጠነች አንዲት ብሎን ተሰብራ ጭነቱን ሁሉ ልታስቀር ትችላለች። ብሎኗን ለማውጣት በችኮላ ሲሞከርም ቴስታታው ተበላሽቶ ጥገናው ከብሎኗ ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሥራው በምን ቅደም ተከተል መከናወን እንዳለበት ለማስረዳት ነው።

1. ብሎኑ ለምን ይሰበራል?

ማኒፎልድ የሚባለው ብረት ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ማርሚታ የሚያስተላልፍ ነው። ሞተሩ በዳገት ላይ በኃይል ሲሠራ የጭሱ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ቴስታታው ግን በውኃ ስለሚቀዘቅዝ ያን ያህል አይግልም። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ማኒፎልድ ከቴስታታው በ400 ዲግሪ የበለጠ ቢግል፣ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝምበታል። ይህ መሳብና መሰብሰብ በየቀኑ ሲደጋገም ብሎኖቹን ወዲያና ወዲህ ያጥፋቸዋል። በብዛት ቀድመው የሚሰበሩት በሁለቱ ጫፎች ያሉት ብሎኖች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነ፣ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የፓምፑ ልክ ለከፍታ ካልተስተካከለ ናፍጣው ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጭሱም ይበልጥ ይግላል። በዚህ ላይ የጠጠር መንገዱ ንቅናቄ፣ የላላ የማርሚታ ማሰሪያና ዝገት ሲጨመሩ ብሎኑ ይደክማል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የብሎኑን ጥርስ አጥብቆ ይነክሳል።

2. መሰበሩ በምን ይታወቃል?

ሞተሩ ጠዋት ሲነሣ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚነፋ ድምፁ ይቀንሳል። በማኒፎልዱና በቴስታታው መጋጠሚያ ላይ ጥላሸት ይታያል። ጋቢና ውስጥም የጭስ ሽታ ይገባል።

ማስጠንቀቂያ፦ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ካስከተለ በኋላ ሊገድል ይችላል። አደጋው በቤንዚን ሞተር ላይ ይበልጣል። የደጋው ብርድ መስኮት ቢያዘጋም ጭስ የሚያፈስ መኪና መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጭነቱ ቀሎ፣ በዝግታ ወደ ጋራዥ ከመሄድ በቀር ለሌላ ሥራ መዋል የለበትም። የሚያፈሰው ጭስ በኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም በናፍጣ ጎማ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ጨርሶ መነዳት አይገባውም።

3. ከሥራው በፊት

ሀ. ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታ።

ለ. ቴስታታው የምን ብረት እንደሆነ በማግኔት ይፈተሽ። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘው አሉሚኒየም ስለሆነ ሥራው ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሐ. ደህነኞቹ ብሎኖች ከመፈታታቸው በፊት ዘልቆ የሚገባ ዘይት ተቀብተው ይደሩ። እርሱ ከሌለ ናፍጣ በመጠኑ ይረዳል። ሲፈቱም በአንድ ትንፋሽ አይታገሉ፤ ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ እየተመላለሱ ይላሉ። አንድ ብሎን ለማውጣት ሌላ መስበር የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

መ. ማኒፎልዱ ከወረደ በኋላ የጭስ ቀዳዳዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ይወተፉ። የብረት ፍቅፋቂ ሲሊንደር ውስጥ መግባት የለበትም። ሠራተኛውም የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ።

4. አወጣጥ

ሀ. ጫፉ ብቅ ብሎ ከቀረ፦ ዘይት ይቀባና ጫፉ በመዶሻ በቀስታ ይመታ። ከዚያ ቆልፎ በሚይዝ ፒንሳ ተይዞ ወዲያና ወዲህ ይዙር። እምቢ ካለ ዘይቱ ተጠርጎ ዙሪያው ይሙቅ፤ ሲበርድም እንደገና ይሞከር።

ለ. ከቴስታታው ገጽ ጋር እኩል ከተሰበረ፦ ዳዶ በላዩ ተቀምጦ በቀዳዳው በኩል ከብሎኑ ጋር ይበየድ። የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ስለሚሰብረው፣ ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። ቅላቱ ከጠፋ በኋላ ዳዶው በመፍቻ በቀስታ ይዙር። አንድ ጊዜ ባይሳካ ሁለተኛና ሦስተኛ ይደገማል። ከብየዳው በፊት ናፍጣና ዘይት የነካው ሁሉ ይጠረግ፤ የባትሪው ሁለት ገመዶችና የዲናሞው ሶኬት ይፈቱ፤ የእሳት ማጥፊያም በአጠገብ ይኑር።

ሐ. ወደ ውስጥ ጠልቆ ከተሰበረ፦ የብሎኑ መካከል በነጥብ መምቻ በትክክል ይመልከት። ትራፓኖው ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ በመጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ቀጥሎ ሰፋ ባለ ይበሳ። ወደ ግራ እየዞረ የሚበሳ ፑንታ ከተገኘ፣ ሲበሳ ብሎኑን ነክሶ ሊያወጣው ይችላል። ጥልቀቱ እንዳያልፍ ፑንታው ላይ የፕላስተር ምልክት ይደረግ፤ ከብሎኑ ማዶ የውኃ መሄጃ ሊኖር ይችላልና።

ባለ ጠመዝማዛ ብሎን ማውጫ ሲገባ ብዙ ጉልበት አይጨመርበት። ብረቱ ጠንካራና ቀሺም ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ከሆነ፣ ቀዳዳው እስከ 6.8 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ከዚያ የቀረው ቅርፊት ተለቅሞ ጥርሱ በጥርስ ማውጫ ይጸዳል። ጥርሱ ከተበላ ቀዳዳው ሰፍቶ የሽቦ ጥርስ ይገባበታል።

5. ሥራው መቆም ያለበት መቼ ነው?

ፑንታው ከመካከል ወጥቶ ወደ አሉሚኒየሙ ካዘነበለ፣ ወይም ማውጫው ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ፣ ሥራው በዚያው ይቁም። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት መሄድ ይገባዋል። እስከዚያ ድረስ የከሰሩት አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚታገሉ ግን ቴስታታውን ይከስራሉ።

6. መልሶ መግጠም

የመጋጠሚያው ገጽ ይጸዳና ማኒፎልዱ አለመጣመሙ በቀጥ ማስመሪያ ይፈተሽ። የተጣመመ ማኒፎልድ ሳይስተካከል ቢታሰር አዲሱንም ብሎን ይሰብራል። አንዱ ከተሰበረ ሌሎቹም የደከሙ ስለሆኑ ብሎኖቹ ሁሉ ቢለወጡ ይመረጣል። በገበያ የሚገኝ ተራ ብሎን በመጠን ቢገጥምም ሙቀቱን ስለማይችል አይተካቸውም። ጥርሱ መዳብ ወይም ኒኬል ያለበት የሙቀት ቅባት ይቀባ፤ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። አጠባበቁ ከመካከል ወደ ጫፍ በየተራ ሆኖ፣ ልኩ በመኪናው መጽሐፍ እንደተመለከተው ይሁን። የላላ የማርሚታ ማሰሪያ ካለም አብሮ ይጠገን።

ማጠቃለያ

ገበሬ ማረሻውን የሚያሾለው ዝናብ እስኪጥል ጠብቆ አይደለም። የዘር መኪናም ምርመራ ከግንቦት መጨረሻ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ሾፌሩ ጠዋት ሞተር ሲያስነሣ አንድ ደቂቃ ቆሞ ድምፁን ያዳምጥ፤ መጋጠሚያው ላይም ጥላሸት መኖሩን ይመልከት። የላላ ብሎን ሳይሰበር ከተደረሰበት በመፍቻ የሚያልቅ ሥራ ነው።