የሰውነት ሴሎች የውስጣቸውን ለቲ ሴሎች የሚያሳዩበት ሥርዓት

ቫይረስ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ እስካለ ድረስ አንቲቦዲ የተባሉት ፕሮቲኖች ሊደርሱበትና ሊይዙት ይችላሉ። ወደ ሴል ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንቲቦዲ በአብዛኛው የሴሉን ሽፋን አልፎ ሊገባ ስለማይችል ቫይረሱ በውስጥ ተሸሽጎ ይራባል። ሰውነት ይህን ችግር የሚፈታው እያንዳንዱ ሴል በውስጡ ከሚገኙት ፕሮቲኖች ናሙና እየወሰደ በገጹ ላይ እንዲያሳይ በማድረግ ነው። ናሙናውን ይዘው የሚወጡት ጠቋሚ ሞለኪውሎች በሕክምናው ዓለም ኤች.ኤል.ኤ. ተብለው ይታወቃሉ፤ የሚመረምሩት ደግሞ ቲ ሴሎች የተባሉት የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው።

ጠቋሚዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ክፍል ኒውክለስ ባላቸው የሰውነት ሴሎች ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ይገኛል። ማንኛውም ሴል ፕሮቲን ሲሠራና ሲያፈርስ ይኖራል። የሚፈርሰው ፕሮቲን ፕሮቲያሶም በሚባለው የሴሉ ወፍጮ ውስጥ ይቆራረጣል፤ ከቁርጥራጮቹ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ ርዝመት ያላቸው በጠቋሚው ራስ ላይ ባለው ስርጉድ ውስጥ ተቀምጠው ወደ ሴሉ ገጽ ይወጣሉ። በጤናማ ሴል ላይ የሚታየው ሁሉ የሰውነቱ የራሱ ነው። ቲ ሴሎች ታይመስ በተባለው ዕጢ ውስጥ ሲበስሉ የራስን ቁርጥራጭ አጥብቀው የሚያጠቁት በአብዛኛው ስለሚወገዱ፣ በእነዚህ ናሙናዎች ፊት ዝም ብለው ያልፋሉ። ሴሉ በቫይረስ ሲያዝ ግን የቫይረሱም ፕሮቲን አብሮ ይፈጫል፤ ቁራጩም ይወጣል። ይህን የሚለይ ሲዲ 8 የተባለ ቲ ሴል ሲያገኘው የተበከለውን ሴል ይገድለዋል።

ሁለተኛው ክፍል በዋነኛነት የሚገኘው ባዕድ ነገርን ከውጭ በሚውጡና በሚሰበስቡ የመከላከያ ሴሎች ላይ ነው፤ ከእነዚህም ማክሮፌጅና ዴንድሪቲክ ሴል ይጠቀሳሉ። የዋጡትን ተህዋስ ፈጭተው ረዘም ያለ ቁራጭ ያሳያሉ። ተመልካቹም ሲዲ 4 የተባለው ቲ ሴል ነው። ሲዲ 4 በዋነኛነት ገዳይ ሳይሆን አዛዥ ነው፦ አንቲቦዲ የሚያመርቱትን ሴሎች ያነሳሳል፣ ሲዲ 8ን ያግዛል፣ ማክሮፌጅ የዋጠውን ተህዋስ እንዲገድል ያበረታዋል።

የዚህ የመጨረሻው ተግባር ዋጋ በሳንባ ነቀርሳ ላይ ጎልቶ ይታያል። የቲቢ ባክቴሪያ በማክሮፌጅ ውስጥ መኖር የሚችል ተህዋስ ነው። ማክሮፌጁ የባክቴሪያውን ቁራጭ በሁለተኛው ክፍል ጠቋሚ ላይ አውጥቶ ሲያሳይ፣ ሲዲ 4 ሴል አይቶ ኃይል ይሰጠዋል፤ በዚህም ባክቴሪያው በብዙ ሰዎች ውስጥ ለዓመታት ታግቶ ይኖራል። ኤች.አይ.ቪ. የሚያጠፋው እነዚህኑ ሲዲ 4 ሴሎች ነው። ጠቋሚው ቁራጩን ቢያሳይም ተመልካች ይጠፋል፤ ታግቶ የነበረው ቲቢም ይነሳል። በጤና ተቋማት የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ተከታታዮች በየጊዜው ስለ ሳል፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ሌሊት ላብና ስለ ክብደት መቀነስ የሚጠየቁበት ምክንያት ይኸው ነው።

ቫይረሶችም ይህን ሥርዓት ለማምለጥ ዘዴ አላቸው። የሄርፒስ ቫይረስ ቁርጥራጮቹ ወደ ጠቋሚው የሚያልፉበትን በር ይዘጋል። ይሁን እንጂ ጠቋሚ የጎደለውን ሴል የሚያድኑ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ስላሉ ማምለጫው ሙሉ አይደለም።

ቲ ሴል ባዕዱን ቁራጭ ብቻውን ቢያገኘው አያውቀውም፤ የሚያውቀው ከጠቋሚው ጋር ተጣምሮ ሲቀርብለት ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1974 በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር ያሳዩት ሮልፍ ዚንከርናገልና ፒተር ዶኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ጠቋሚዎቹ ራሳቸው ግን ቀድሞ ይታወቁ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ዶሴ እ.ኤ.አ. በ1958 የመጀመሪያውን የሰው ጠቋሚ የገለጹት ደም በተደጋጋሚ የወሰዱ ሕሙማን የሌላን ሰው ነጭ የደም ሴል የሚቃወም አንቲቦዲ እንዳላቸው በማስተዋል ነበር።

ጠቋሚዎቹ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያሉ። ይህ ልዩነት ለማኅበረሰብ ጥቅም አለው፤ አንድ ተህዋስ የሁሉንም ሰው ጠቋሚ በአንድ ጊዜ ሊያታልል አይችልምና። ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ግን ዋነኛው እንቅፋት ነው፤ የተቀባዩ ቲ ሴሎች የለጋሹን ጠቋሚ እንደ ባዕድ ቆጥረው አካሉን ያጠቁታል። በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው የንቅለ ተከላ አገልግሎት ኩላሊት ከሕያው ዘመድ የሚወሰድበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የጠቋሚዎቹ ጂኖች በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ተጠጋግተው ስለሚገኙ አብዛኛውን ጊዜ በአንድነት ይወረሳሉ። በመሆኑም ልጅ ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት ይወስዳል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ሰዎች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰላቸው ዕድል 25 በመቶ፣ በግማሽ የመመሳሰላቸው 50 በመቶ፣ ምንም ያለመመሳሰላቸው ደግሞ 25 በመቶ ነው። «ወንድሜ ስለሆነ ይስማማኛል» የሚለው አነጋገር ያለ ምርመራ የማይበቃው ለዚህ ነው።

ከመመሳሰሉ ሌላ የሚመረመር ጉዳይ አለ። ደም የወሰደ ሰው፣ ከዚህ ቀደም ንቅለ ተከላ የተደረገለት ወይም የወለደች እናት የሌላን ሰው ጠቋሚ የሚቃወም አንቲቦዲ በደማቸው ሊኖር ይችላል። እናት በእርግዝና ወቅት ልጁ ከአባቱ ከወረሳቸው ጠቋሚዎች ጋር ስለምትገናኝ፣ የባሏ ወይም የልጇ ኩላሊት ለእርሷ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተቀባዩ ደም ከለጋሹ ነጭ የደም ሴሎች ጋር ተቀላቅሎ ይፈተሻል፤ ታካሚውም የወሰደውን ደምና የእርግዝና ታሪኩን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።

ኩላሊቱ ከተተከለ በኋላ የቲ ሴሎችን ኃይል የሚቀንሱ መድኃኒቶች፣ አካሉ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ በየቀኑ ይወሰዳሉ። ደህና ነኝ ብሎ ማቋረጥ ቲ ሴሎቹ ወደ ማጥቃት እንዲመለሱ ያደርጋል። እነዚሁ መድኃኒቶች ታግቶ የነበረን ቲቢም ሊያስነሱ ስለሚችሉ፣ ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ወይም የማይለቅ ትኩሳት የታየበት ታካሚ መድኃኒቱን በራሱ ሳያቆም በአፋጣኝ ወደሚከታተለው ሆስፒታል መሄድ አለበት።