«ሙሉ ሰርቪስ» ተሠርቷል ወይስ ተጽፏል?

ደረሰኙ ላይ «ሙሉ ሰርቪስ» ተብሎ ይጻፋል። በዚያች አንዲት መስመር ውስጥ ዘይቱም፣ ፊልትሮውም፣ ካንዴላውም፣ የፍሬን ሸራውም፣ ባትሪውም፣ ቺንጊያውም አሉ። ባለመኪናው የሚረከበው ግን ታጥቦ የቆመ መኪና ነው፤ ሁሉ የተሠራለትና ምንም ያልተነካው መኪና ደግሞ ከውጭ ሲታዩ አይለዩም።

ለማጣራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሥራዎቹን ለሁለት ቢከፍላቸው ይቀለዋል። ዕቃ የሚለወጥባቸው ሥራዎች ዱካ ይተዋሉ። «ታይቷል»፣ «ተፈትሿል» የሚባሉት ግን ከቃል በቀር የሚተዉት የለም። አብዛኛው ሰው ጥርጣሬውን ሁሉ ዘይቱ ላይ ያሳርፋል፤ ለመሸወድ የሚመቸው ግን ሁለተኛው ወገን ነው።

ለነገሩ ዘይቱም ቢሆን በትክክል አይመረመርም። መለኪያውን መዝዞ ቀለሙን ማየት ለቤንዚን መኪና ያስኬዳል፤ አዲስ ዘይት ወርቃማ ነው፣ ቶሎም አይጠቁርም። ናፍጣ ላይ ግን ይህ ዘዴ ያሳስታል። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ያበዛል፣ ተንጠፍጥፎ የማያልቅ አሮጌ ዘይትም ውስጡ ይቀራል፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የተቀየረ ዘይት ከሰዓት ጠቁሮ ቢገኝ አያስገርምም። ይህን ባለማወቅ ሥራውን በሚገባ የሠራ መካኒክ ሌባ ተብሎ ይሰደባል።

ከቀለሙ ይልቅ መጠኑ ይናገራል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲለካ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከሄደ፣ ወይ አሮጌው ሳይፈስ ተጨምሮበታል፣ ወይ ጋሎኑ እንዳለ ተገልብጦበታል። ትንንሽ የቤት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከነፊልትሮው ከ3 እስከ 4 ሊትር ነው የሚይዙት፤ ትክክለኛው ልክ ከመኪናው ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል። 3.7 ሊትር ለሚይዝ ሞተር ባለ 5 ሊትር ጋሎን ከተገዛ 1.3 ሊትር ይተርፋል። ትርፉ የባለመኪናው ነው፤ «የቀረው የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ፊልትሮን ለማጣራት ዝግጅቱ የሚጀመረው መኪናው ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ነው። በአሮጌው የዘይት ፊልትሮ ቆርቆሮ ላይ በማርከር ትንሽ ነጥብ ማድረግና በስልክ ፎቶ ማንሳት በቂ ነው። ከሰርቪስ በኋላ ነጥቡ እዚያው ካለ ክርክሩ አለቀ። የአየር ፊልትሮ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል፤ በብዙ መኪኖች ላይ ሳጥኑ ያለ መፍቻ በእጅ ይከፈታል። እዚህ ላይ የተለመደችው ዘዴ አሮጌውን በኮምፕሬሰር አየር ነፍቶ መመለስ ነው። አቧራው ስለሚራገፍ ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፤ ምልክት የተደረገበት የወረቀቱ ጠርዝ ግን ያጋልጠዋል።

ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ምልክት ማድረግ አይመችም። ያለው አማራጭ አሮጌዎቹ እንዲመለሱ መጠየቅ ነው፤ እሱም ሥራው ሳይጀመር። በካሊፎርኒያ ይህ የደንበኛው መብት ሆኖ በሕግ ተደንግጓል፤ ሎስ አንጀለስ ታክሲ የሚነዳ ወገናችን ሥራው ሲመዘገብ ከጠየቀ፣ ጋራዡ በዋስትና ለአምራቹ ከሚመለሱና ከመሳሰሉት በቀር የተቀየሩትን ዕቃዎች ማስረከብ አለበት። አዲስ አበባ ላይም ቢሆን አስቀድሞ የተነገረው መካኒክ አሮጌውን ዕቃ ማቆየት አይከብደውም። ሲረከቡ ቁጥሩንም መቁጠር ነው። ለባለ 3 ሲሊንደር ቪትዝ 4 አሮጌ ካንዴላ ከተመለሰ፣ አራተኛው የማን እንደሆነ ቢጠየቅ ነውር የለውም።

ብዙዎቻችን መፍትሔ የምንለው ዕቃውን ራሳችን ከሶማሌ ተራ ገዝተን፣ መካኒኩ ራስ ላይ ቆመን ማሠራት ነው። ከዝርፊያ ያድን ይሆናል፤ በኔ ግምት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከሳምንት በኋላ ችግር ሲፈጠር መካኒኩ «ያመጣኸው ዕቃ ነው» ይላል፣ ሻጩ «አገጣጠሙ ነው» ይላል፤ ባለመኪናው መሐል ቆሞ ይቀራል። ዕቃውንም እጁንም ያቀረበ አንድ ጋራዥ ግን የሚያመካኝበት የለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንምጣ፤ «ታይቷል» ወደሚባለው። እዚህ የሚጠየቀው ቁጥር ነው። «ሸራው ደህና ነው» የሚለው መልስ መኪናውን ዞር ብሎ ሳያዩም ይባላል። «የፊት ቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል» ለማለት ግን መለካት ያስፈልጋል። አዲስ የዲስክ ፍሬን ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ወደ 3 ሲጠጋ ይቀየራል። ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5። በርግጥ ቁጥርም ከጭንቅላት ሊፈጠር ይችላል። ነገር ግን የተጻፈ ቁጥር እስከሚቀጥለው ሰርቪስ ይጠብቃል። ዛሬ 6 የተባለው ያው ሸራ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ 8 ከተባለ፣ ቢያንስ አንዱ ጊዜ ማንም አልለካም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊነዱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ደግሞ የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮና ካንዴላ የለውም፤ ዱካ የሚተዉት ሥራዎች አብዛኞቹ ቀርተውለታል ማለት ነው። የፍሬን ፈሳሽ፣ የካቢን ፊልትሮና ጎማ አሉ፤ ከዚያ ውጭ የሚከፍለው በአመዛኙ ለምርመራ ነው። ከምርመራ ኮምፒውተሩ የሚወጣው ወረቀት ሲሰጠው የሻንሲ ቁጥሩ፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ መኖራቸውን ይመልከት፤ ሻንሲ ቁጥር የሌለበት ወረቀት የማንኛውም መኪና ሊሆን ይችላል።