አፈርን ከነፋስ ስለ መጠበቅ፤ የቴክስሆማ ከተማ ምሳሌ

በአሜሪካ አገር ኦክላሆማና ቴክሳስ የሚባሉ ሁለት ግዛቶች በሚዋሰኑበት ሜዳ ላይ ቴክስሆማ የምትባል ትንሽ የገበሬ ከተማ አለች። ስሟ ከሁለቱ ግዛቶች ስም የተውጣጣ ነው። ወሰኑ በመካከሏ ያልፋል፤ አስተዳደሯም ሁለት ነው።

በዚያ አካባቢ ገበሬዎች የሣሩን መሬት ገልብጠው ስንዴ ዘሩበት። ዝናብ በጠፋ ጊዜ የሚይዘው ሥር ያጣው አፈር ተነሣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1927 ዓ.ም. አቧራው ቀኑን አጨለመው። በዚያው ወር የአሜሪካ መንግሥት የአፈር ጥበቃ ሕግ አወጣ።

ነፋስ ወሰን አይጠይቅም። እርስዎ መሬትዎን ቢጠብቁ፣ ጎረቤትዎ ግን ባዶውን ቢተወው፣ ከእርሱ ማሳ የሚነሣው አሸዋ የእርስዎን ቡቃያ ይቈርጠዋል። ስለዚህ ተነጋግሮ አብሮ መሥራት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ከአጨዳ በኋላ አገዳውን ከነሥሩ መተው ነው። የቆመ አገዳ የነፋሱን ኃይል ይሰብራል፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። «ገለባው ለከብት ነው» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። እንግዲያው ከፍ አድርገው ይጨዱ፤ ከብቱንም ከማሳው ቶሎ ያውጡ። ትልሙ ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ አግድም ያቋርጥ፤ የሚንከባለለው አፈር በትልሙ ውስጥ ይቀራል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ግን ነፋሱን ትተው ተዳፋቱን አግድም ይረሱ፤ በተዳፋት ላይ ጎርፉ ይብሳል።