የፍሬንን አየር ያለ ረዳት ስለ ማውጣት

ኦቶሞቢል ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው፤ መኪናው የሚሮጥበትን ሳይሆን የሚቆምበትን ነው። ይህ ነገር በየአገሩ የታወቀ ቢሆንም፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚመላለሱ ሰዎች ግን ይልቁን የጸና ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል፤ ኮምቦልቻም 1850 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ሾፌሩ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፤ በዶሮ መዝለያ በኩል እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር የበለጠ ይወርዳልና፤ እግሩ ከፍሬኑ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እኛም ባለፈው ክረምት ቤተ ሰባችንን ይዘን ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ፤ የፍሬኑ ፔዳል እየላላ ሄዶ እስከ ታች ሰመጠ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፤ ቀጥሎም ወደ አንደኛ መልሰን፤ የእጅ ፍሬኑን በዝግታ እየሳብን ከመንገዱ ዳር ቆምን። ልጆቹ ምንም አላወቁም፤ እናታቸው ግን ነገሩ ገብቷት የታናሹን ልጅ እጅ ጨብጣ ዝም ብላ ነበር። የሚያሳፍረንም ይህ ነው፤ የፔዳሉን መለስለስ ከሳምንት በፊት ዐውቀን ሳለን፤ የሚረግጥልን ረዳት እስኪገኝ ብለን አቆይተነው ነበር።

ሰው ሁሉ ይህን «ፍሬን በጠሰ» ይለዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም። የእግር ኀይል ወደ ጎማው የሚደርሰው በቀጭን ቧንቧ ውስጥ ባለው ዘይት ነው። ዘይት ቢጫኑት አያንስም፤ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ አየር ከገባ እግር የሚገፋው አየሩን ብቻ ይሆናል። ከዚህም በቀር የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይታገሣል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረዥም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፤ እንፋሎቱም እንደ አየር ይሆናል።

ብቻውን ያለ ሰው አየሩን እንደሚከተለው ያውጣ።

1ኛ፤ መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ በጎማዎቹ ታኮ ያድርግ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይግባ።

2ኛ፤ የዘይቱን ዕቃ፤ በክዳኑ ላይ በታዘዘው ዐይነት አዲስ ዘይት ይሙላ።

3ኛ፤ ዘይቱ ካለበት ዕቃ እጅግ ከሚርቀው ጎማ ይጀምር፤ ይኸውም በብዙ መኪናዎች የኋላው ቀኝ ነው።

4ኛ፤ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ከአየር ማውጫው ብሎን ላይ አጥብቆ ይሰካ፤ ሌላውን ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያጥልቅ። ጠርሙሱንም ከብሎኑ ከፍ አድርጎ ያንጠልጥል፤ አረፋ ወደ ላይ ይወጣልና ወደ ቧንቧው አይመለስም።

5ኛ፤ ብሎኑን በጥቂቱ አላልቶ፤ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ በዝግታ ይርገጥ፤ በዝግታም ይልቀቅ። ከዚያ ወርዶ ቱቦውን ይመልከት፤ ዘይቱም እንዳያልቅ ይጨምር፤ ካለቀ አየር ተመልሶ ይገባልና።

6ኛ፤ አረፋው ሲጠፋ ብሎኑን ያጥብቅ፤ በቀሩትም ጎማዎች እንዲሁ ያድርግ።

የወጣው ዘይት ዳግመኛ አይፈስም። መርዝ ስለ ሆነም በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ትቶ ልጆች ከሚደርሱበት ማኖር ታላቅ ጥፋት ነው። በቀለም ላይ ከተንጠባጠበም ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

ከሥራው በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይያዝ፤ ከጸና በሜዳ ላይ በዝግታ ይፈትን። ገና ከለሰለሰ ወይም ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን፤ መካኒኩ ወደ ቤት ይምጣ እንጂ መኪናው ወደ ቁልቁለቱ አይውረድ። ኤ.ቢ.ኤስ. ያላቸው አንዳንድ መኪናዎችም የጋራዥ መሣሪያ ይሻሉ።

ፍሬን የተስተካከለ ቢሆንም ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ኦቶሞቢል አላዩም፤ ምክራቸው ግን ለደሴ መንገደኛ የተሰጠ ይመስላል።