ኦባማኬርና ታክስ፦ የሚባለውና እውነታው

“ኦባማኬር የመንግሥት ኢንሹራንስ ነው” የሚለው ወሬ ይህ የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ከተፈረመበት ከ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ አልጠፋም። ሕጉ ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበውን ሜዲኬይድ ማስፋቱ እውነት ነው። ሕጉ ባቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ የሚሸጡትን ግን የሚያቀርቡት የግል ኩባንያዎች ናቸው። መንግሥት ገዢውን የሚያግዘው ወርሃዊ ክፍያውን በሚያቃልል ድጎማ ሲሆን፣ ድጎማውም በሕጉ የታክስ ቅናሽ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ኡበርና ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። “ድጎማው ስጦታ ነው፣ አንዴ ከሰጡ አይጠይቁም” ይባላል። ይጠይቃሉ! ሹፌሩ ኢንሹራንሱን ሲገዛ የመጪውን ዓመት ገቢ በግምት ያስመዘግባል፤ ድጎማውም በዚያው ይሰላል። ዓመቱ አልቆ ታክስ ሲያሠራ ቅጽ 8962 ግምቱን ከእውነተኛው ገቢ ጋር ያስተያያል። ከገመተው በላይ ካገኘ ትርፉን ድጎማ ሊመልስ ይችላል፤ ካነሰ ሊጨመርለት ይችላል። ገቢ የሚባለውም ከተሳፋሪ የተሰበሰበው ሁሉ ሳይሆን የሥራው ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው። ታክስ ሠሪውን ከመውቀስ፣ ሥራ ሲጨምር በዓመቱ መካከል ግምቱን ማስተካከል ይሻላል።

የፖለቲከኞቹ ተረት ሌላ ነው። በ2009 ሪፐብሊካኗ ሣራ ፔሊን ማን ይታከም፣ ማን ይቅር የሚል “የሞት ሸንጎ” ሊመጣ ነው አሉ። ረቂቁ ላይ የነበረው፣ ታማሚው ፈልጎ ስለ ዕድሜው መጨረሻ ሕክምና ከሐኪሙ ጋር ሲመካከር የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬር ለሐኪሙ እንዲከፍል የሚል አንቀጽ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከጸደቀው ሕግ ወጥቷል። ዴሞክራቶቹም ንጹሕ አይደሉም። ኦባማ “የወደዳችሁት ኢንሹራንስ አይነካባችሁም” ሲሉ ከርመው፣ በ2013 በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች የውል ስረዛ ደብዳቤ ደረሰ። ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ይቅርታ ጠየቁ።

እኔን ይበልጥ የሚያስቀኝ የቅጣቱ ነገር ነው። ኢንሹራንስ ያልገዛ የሚከፍለውን ገንዘብ ተቃዋሚዎቹ “ታክስ ነው” ሲሉ ኦባማ “አይደለም” ብለው ተከራከሩ። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኢንሹራንስ የመግዛቱን ግዴታ በ5 ለ4 ያዳነው ግን እንደ ታክስ ቆጥሮ ነው። ከዚያ በ2017 ትራምፕ የፈረሙት የታክስ ሕግ ክፍያውን ከ2019 ጀምሮ ዜሮ አደረገው። “እንግዲህ ቅጣት ቀርቷል” የሚባለው ለፌዴራሉ ብቻ ነው፦ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሹፌር አይከፍልም፤ ፖቶማክን ተሻግሮ ዲሲ የሚኖረውን ግን፣ ነጻ የሚያወጣው ምክንያት ከሌለ፣ የከተማዋ የራሷ ሕግ ያስከፍለዋል።